የእምዬን ጥልፍ ሳልቆርጥ፦ ከአያት ሳጥን ወደ አዲስ ድሪቶ

ድሪቶ የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ስድብ ነው። «ድሪቶ ለባሽ» ሲባል ምን እንደተባለ ይገባናል። እኔ ግን ያደግኩት ድሪቶ ውስጥ ተጠቅልዬ ነው። ብቸና አጠገብ፣ እምዬ (ሴት አያቴ) ቤት፣ ክረምት ሲገባ ከቡልኮው ላይ አንድ የከበደ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት ነገር ይጣልብን ነበር። የወንድ አያቴ የካኪ ኮት ቁራጭ፣ ያለቀ ነጠላ፣ የአክስቴ የትምህርት ቤት ቀሚስ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነበሩ። አሁን ባሕር ዳር ተቀምጬ ስልኬ ላይ ፈረንጆች ያንኑ ነገር ሰፍተው በዶላር ሲሸጡ ሳይ ሳቄ ይመጣል።

የእምዬ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሌላ ሀብት አለ፤ ጥልፍ። አንድ የፈተል ቀሚስ አለ፤ ደረቱ ላይ በሐር የተጠለፈ መስቀል ያለበት። ስድስት የአቡጀዲ የትራስ ልብሶችም አሉ። እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ መሃላቸው ጽጌረዳ፣ ከስር «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ።

ባለፈው ዓመት ሁለቱን ነገር አጋባኋቸው። የእምዬን ጥልፍ ገልብጬ በአዲስ ጨርቅ ላይ ጠለፍኩት፣ ከዚያ ቁራጮቹን እንደ ድሪቶ ደረትኩት። ከመስቀል በኋላ ጀምሬ ለፋሲካ ደረሰልኝ። እዚህ የማካፍላችሁ እሱን እንዴት እንደሠራሁትና የት የት እንደተሳሳትኩ ነው። አልጋ ልብስ ድረስ ትዕግሥት የሌለው ሰው በአንድ ቁራጭ የትራስ ልብስ ማውጣት ይችላል፤ አካሄዱ ያው ነው።

መቀሱን አስቀምጡት

ያረጀ ጥልፍ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ጥልፉን ቆርጠሽ አዲስ ቀሚስ ላይ አስለጥፊው» የሚል ነው። እኔም ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄው ነበር። መቀሱን እስኪያነሳ ደርሶ ነው ነጥቄው የወጣሁት። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ያረጀ ጨርቅ ከጥልፉ ይልቅ ደካማ ነው። አዲስ ጨርቅ ላይ ሲሰፋ አዲሱ ይጎትተዋል፣ አሮጌው በስፌቱ ዙሪያ ይተረተራል። ሁለተኛ፣ ጥልፍ ማለት መስቀሉ ብቻ አይደለም። ከአንገት ስንት ጣት እንደሚወርድ፣ እጅጌው ላይ የትኛው እንደሚደገም፣ የት ባዶ እንደሚተው፣ ይህ ሁሉ የጥልፉ አካል ነው። አንዴ ከተቆረጠ ያ ይጠፋል።

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ በሐር የተጠለፈ ነው። እዚያ መሆኑ ቢያንገበግብም፣ ፎቶውን ያየ ሰው ጥልፉ ቀሚሱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ማጥናት የሚችለው ቀሚሱ ሙሉ ስለሆነ ነው። ጥልፉ ብቻ ተቆርጦ ቢቀመጥ ኖሮ የምናየው ቡትቶ ነበር።

ስለዚህ አሮጌው ሙሉውን ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። እኛ የምንወስደው የስፌቱን ቆጠራ ነው።

ጀርባውን አንብቡ

ልብሱን መስኮት አጠገብ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጉት። የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመጣ የስፌቱ ከፍታ ጥላ ስለሚጥል እያንዳንዱ ክር ይታያል። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡና በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ገልብጡትና ጀርባውንም አንሱ።

ጀርባው ከፊቱ ይበልጣል። እውነቴን ነው። የእምዬ ቀሚስ ፊቱ ላይ ያለው ቀይ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል። ሲገለበጥ ግን ብርሃን ያልነካው ሐር የበሰለ ቲማቲም ይመስላል። አረንጓዴው ፊቱ ላይ ግራጫ ነው፣ ጀርባው ላይ የጤፍ ቡቃያ ነው። እሷ የመረጠችው ቀለም ይሄኛው ነበር። አዲስ ክር ስትገዙ የምታመሳስሉት ከጀርባው ፎቶ ጋር ነው፤ እንዲያውም ከተቻለ ልብሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ቀለም ይዋሻል።

ጀርባው ሌላም ነገር ይናገራል። ክሩ ከአንዱ መስቀል ወደ ሌላው እንዴት እንደዘለለ ስታዩ ሥራው ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሄደ ይገባችኋል። የእምዬ መስቀል ከመሃል ተጀምሮ በአራቱም አቅጣጫ ነው የወጣው። እኔ ከዳር እየጀመርኩ ለምን እንደሚጣመምብኝ ሳይገባኝ አንድ ሳምንት ባክኛለሁ።

ጠላፊዋ በሕይወት ካለች ደግሞ አጠገቧ ተቀመጡ። የእምዬ ዓይን በሞራ ምክንያት ብዙም አያይም። የትራስ ልብሶቹን አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

«እንዴት እምዬ? ሳጥንሽ ውስጥ ነው ያገኘኋት።»

«የኔ ክር እንዲህ አይወጠርም። የጎረቤቴ ናት። ለሠርግ አውሳኝ ቀርታ ነው።»

አስተያየሁት። እውነትም የዚያኛው ስፌት ጨርቁን ጨምድዶታል፣ የእሷ ግን ለስላሳ ነው። ቀሚሱን ስሰጣት ደግሞ ከመስቀሉ ክንድ አንዱ ላይ ጣቷን አቆመችና ሳቀች። «እዚች ጋ ቡና ደረሰ ብለው ጠሩኝ» አለች። ቆጠርኩት። በሦስቱ ክንዶች ጫፍ ላይ ያለው ረድፍ 8 ነው፣ በዚያኛው 9። ለዓመታት ያላየነውን አንድ ትርፍ ስፌት በጣቷ አገኘችው።

የጠላፊዋን ስም ጠይቁ፤ የጥልፉንም ስም። እምዬ ለየቅርጹ የራሷ ስም አላት። ትንሿ ባለ አራት ማዕዘን «የዶሮ ዓይን» ናት፤ ዳሩን የሚዞረው ጥምዝ «ሐረግ»። ብራና ላይ ጸሐፊዎች ከሚስሉት ሐረግ ጋር አንድ ስም ነው፤ ቅርጹም ይመሳሰላል። የነገረችኝን ሁሉ በስልኬ ቀዳሁት። ስትጠልፉ መልሶ መስማት ይጠቅማል።

እጥበት፦ እኔ ያበላሸሁት

እዚህ ላይ በጣም ጥንቃቄ አድርጉ። ከስድስቱ የትራስ ልብሶች አንዱን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ቢጫ ሆኖ ነበርና ይነጣ መስሎኝ። ነጣም። ግን ሰማያዊዎቹ ወፎች ነጭ ወፍ ሆኑ፣ ቀዩ ወደ ሮዝ ሄደ፣ እጥፋቱ ላይ ደግሞ ጨርቁ እንደ ወረቀት ተቀደደ። በረኪና ጥጥን ያዳክማል፤ ሐርን ደግሞ ጨርሶ ይበላዋል። የሐር ቀሚሱን ባስገባው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ማጠብ የግድ አይደለም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የግድ ካላችሁ በመጀመሪያ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እዩ። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ በየክሩ ቀለም ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኑት። ቀለም ከነካው አታጥቡት። ካልነካው ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ዘርግታችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት። አትሹት፣ አትጭመቁት። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ፣ በሌላ ፎጣ ውሃውን አስመጥጡና ጥላ ውስጥ አድርቁት።

እምዬ በወጣትነቷ ነጭ ልብስ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። እንዶድ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የሀገሩ ሳሙና ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ መሆኑን ያገኙት። ታሪኩን እወደዋለሁ። ለአሮጌ ጥልፍ ግን አልሞክረውም፤ መጠኑን ማወቅ ይከብዳል።

ቆጠራው

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሌላው እጅ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ሁለት ደብዛዛ መርፌና አጉሊ መነጽር ነው። አጉሊ መነጽር ከሌለ የስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ተመልከቱ።

መጀመሪያ ጨርቁን ቁጠሩ። 1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን ስንት ክር አለ? ወደ ታችስ? ሁለቱንም ለዩ። የእጅ ፈትልና የእጅ ሽመና ስለሆነ ድሩና (ወደ ቁመት የሚሄደው ክር) ማጉ (ወደ ጎን የሚሻገረው) እኩል አይደሉም። የእምዬ ቀሚስ ወደ ጎን በሴንቲ ሜትር 10 ክር አለው፣ ወደ ታች 8። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። መስቀሉ በሁለቱም በኩል 40 ክር ነው። ግን በማስመሪያ ስለካው ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለዚህ ነው መስቀሉ ረዘም ቀጠን ብሎ የሚያምረው። በሁለቱም በኩል 7 ክር ባለው ጨርቅ ላይ ያንኑ ቆጠራ ብትጠልፉ 5.7 በ5.7 ይሆናል፤ ቁመትና ስፋቱ እኩል የሆነ ደልደል ያለ መስቀል። ስህተት አይደለም፣ ግን ሳታውቁት አይምጣባችሁ። ቀጭኑን መልክ የምትፈልጉ ከሆነ ማጉ ከድሩ ሳሳ ያለ ጨርቅ ፈልጉ።

ከዚያ አንዱ ስፌት ስንት ክር እንደሚዘል እዩ። እምዬ ሁለት ሁለት ክር ነው የዘለለችው። ስለዚህ 40 ክር ማለት ደብተር ላይ 20 ካሬ ነው። አንድ ካሬ፣ አንድ ስፌት።

አንዷን መርፌ የመስቀሉ መሃል ላይ አስቀምጡ። አትውጉ፤ በክሮቹ መሃል ብቻ አሳልፏት። ሁለተኛዋን የምትቆጥሩበት ረድፍ መጀመሪያ ላይ። ከመሃል ወደ ቀኝ ቁጠሩ፣ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉ፣ መርፌዋን ወደሚቀጥለው ረድፍ ውሰዱ። ለየቀለሙ የተለየ ምልክት ይኑራችሁ። እኔ ቀዩን ነጥብ፣ አረንጓዴውን ሰረዝ፣ ቢጫውን ትንሽ ክብ አደረግኩ። አንዱን ሩብ ቆጥሮ ሌላውን «ያው ነው» ብሎ መገልበጥ ይቀላል። አታድርጉት። አራቱንም ቁጠሩ። ቡና የተጠራችበትን ትርፍ ስፌት የምታገኙት ያኔ ነው።

ታዲያ ስህተቱን እናርመው ወይስ እንተወው? እኔ ትቼዋለሁ። በአዲሱ ሥራ በየቁራጩ አንድ ክንድ 9 ነው። ሰው በዚህ ላይ የሚያስበው ይለያያል፤ እኅቴ «ሰው ያልቻልሽ ነው የሚመስለው» ብላኛለች። ይምሰል።

ለማይቆጠረው ጥልፍ

የትራስ ልብስ ወፎች በቆጠራ አይወጡም፤ በእርሳስ ተስለው የተጠለፉ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ሳንቲም ከወረቀት ስር አድርገው በእርሳስ እንደሚፈትጉት አድርጉ። ጥልፉ ላይ ስስ ፌስታል ዘርጉ፣ ከላዩ ስስ ወረቀት፣ ከዚያ የእርሳሱን ጎን ቀስ ብላችሁ ፈትጉት። ከፍ ያለው ስፌት ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፌስታሉ እርሳሱ ጨርቁን እንዳይነካ ነው። ከዚያ መስመሩን በእስክሪብቶ አጥሩት።

ወደ አዲስ ጨርቅ ለማሻገር ብዙ ሰው ካርቦን ወረቀት ይጠቀማል። ነጭ ፈተል ላይ ግን ካርቦን ሲታጠብም ላይለቅ ይችላል። እኔ የምመርጠው የድሮውን ዘዴ ነው። ወረቀቱን በመስመሩ ላይ በመርፌ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ውጉ፤ ጨርቁ ላይ አስቀምጡ፤ የተፈጨ ከሰል በትንሽ ጨርቅ ቋጥራችሁ ላዩን መታ መታ አድርጉ። ወረቀቱ ሲነሳ ነጥብ ነጥብ ይቀራል። ነጥቦቹን በቀጭን እርሳስ አያይዙና ከሰሉን አራግፉት። ጥቁር ጨርቅ ከሆነ ከከሰል ፈንታ ጠመኔ።

ጽሑፍ ካለ ፊደሉን እንዳለ ገልብጡ። እምዬ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። አንዱ ትራስ ላይ «መልካም እቅልፍ» ይላል፣ «ን» የለችም። ከኔ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ልታርማት ፈለገች። ዝም አሰኘኋት።

ጨርቅና ክር

ለአልጋ ልብስ ስስ የሆነው መነን አይሆንም፣ ይሳባል። ፈተል ይሻላል። ሸማኔ ካላችሁ አሠሩት። እኔ የሄድኩባቸው ሸማኔ ጥለት የሌለው ልሙጥ ስላቸው «ምነው፣ ለቅሶ ነው?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ ልጠልፍበት ነው፤ ማጉን ጠበቅ አድርገው ይምቱልኝ» አልኳቸው። ጠበቅ ያለ ሽመና ለቆጠራም ለስፌትም ይመቻል። ሸማኔ ከሌለ አቡጀዲም ይሠራል፤ ክሩ ደቃቅ ስለሆነ ግን ለቆጠራ ዓይን ይፈጃል።

ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት። የእጅ ሽመና ይሰበሰባል። የእኔ 2 ሜትር ሲደርቅ 1 ሜትር ከ88 ሆነ። ይህ ጥልፉ ካለቀ በኋላ ቢሆን መስቀሉ ሁሉ ይጨማደድ ነበር።

ክሩ የተለመደው፣ ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ የሆነበት የጥጥ የጥልፍ ክር ነው፤ በየሱቁ «ዲኤምሲ» የሚባለው። ዲኤምሲ እንኳ ከ1746 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፈረንሳይ ድርጅት ስም ነው፤ እኛ ዘንድ የክሩ ስም ሆኖ ቀረ። አንዱ ጥቅል ብዙውን ጊዜ 8 ሜትር ነው። ለደቃቅ ጨርቅ ከስድስቱ ሁለት፣ ለፈተል ሦስት ክር አብራችሁ ተጠቀሙ። ክሮቹን አንድ በአንድ ሳቡና መልሳችሁ አጋጥሟቸው፤ በጅምላ ከተሳቡ ይቋጠራሉ።

አንድ ጊዜ ርካሽ ቀይ ገዝቼ ሳልሞክረው ጠለፍኩበት። መጀመሪያ እጥበት ላይ ሙሉው ቁራጭ ሮዝ ሆነ። የሁለት ምሽት ሥራ ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርቁት። ከለቀቀ ለሌላ ነገር አውሉት።

መጥለፍ

ልኩ ይኸውላችሁ። የእኔ ድሪቶ 20 ቁራጭ አለው፤ ወደ ጎን 4፣ ወደ ታች 5። ከተሰፋ በኋላ እያንዳንዱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው። አሥሩ የተጠለፉ ናቸው፤ አሥሩ ደግሞ ልሙጥ፣ ከቤተሰቡ ያረጀ ልብስ የተቆረጡ። የተጠለፉትን ለጊዜው 36 በ36 አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከጥልፍ በኋላ ወደ 33 ይከረከማሉ። 3ቱ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ነው፤ በየጎኑ 1.5።

የቁራጩን መሃል ለማግኘት አራት ላይ እጠፉት። ጨርቁን በክብ መወጠሪያ ወጥሩት፤ እንደ ከበሮ ሳይሆን ጠበቅ ብሎ። ማታ ስታቆሙ አውጡት፤ ካደረ የክቡ ምልክት አይለቅም። ክሩ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይብቃው። ሲረዝም ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይሳሳል፣ ይላጣል።

በቋጠሮ አትጀምሩ። ቋጠሮ ከድሪቶው ስር እንደ ሽምብራ ይቆረቁራል። ጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከጀርባ ተዉትና በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ስፌቶች ስር ያዙት። ሲያልቅም እንዲሁ ከጀርባ አራት ስፌት ስር አሳልፋችሁ ቁረጡ።

መስቀለኛ ስፌት (ሁለት ክር እንደ × የሚተላለፍበት) ስትሠሩ ከላይ የሚሆነው ክር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሁን። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ከሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ዝንጉርጉር ይላል። ከሌላው ነገር ሁሉ የጀማሪን ሥራ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ለሐረጉ የሰንሰለት ስፌት ይሄዳል፤ ጥምዙን በደንብ ይከተላል፣ ቶሎም ያልቃል። ለጽጌረዳ ቅጠል ሙሌት ስፌት፤ ክሩን ጎን ለጎን እየደረደሩ ቅርጹን የሚሞሉበት። ሙሌቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ጥፍርና ቁልፍ ይይዘዋል፤ ለግድግዳ እንጂ ለአልጋ አይሆንም። ትልቁን ቅጠል መሃሉን ከፍላችሁ በሁለት ሙሉት።

አንድ መስቀል ሁለት ምሽት ወሰደብኝ፤ መብራት በሄደ ቀን ሦስት።

መደረት

አሥሩን ልሙጦች እዚህ ላይ ታስባላችሁ። የአያቴ ካኪ፣ የእናቴ ያለቀ ነጠላ፣ የወንድሜ ሸሚዝ። በጣም ያለቀ ጨርቅ አትጠቀሙ። ወደ መስኮት አንሡት፤ ብርሃን ካሳለፈ ከኋላው ሌላ ጨርቅ ደርቡለት። ከሲንቴቲክ ይልቅ ጥጥ ይሁን፤ አብሮ ይታጠባል፣ አብሮ ይተኮሳል።

ወለል ላይ ደርድሯቸው። አንድ የተጠለፈ፣ አንድ ልሙጥ እያላችሁ። አንድ ቀን ተዉአቸውና ነገ እንደገና እዩአቸው። በመጀመሪያ በየረድፉ፣ ከዚያ ረድፎቹን እርስ በርስ ስፉ። በሲንጀርም በእጅም ይሆናል። ከዚያ ዙሪያውን 16.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ ጨምሩ፤ ተሰፍቶ 15 ይሆናል። ጠቅላላው 150 በ180 ይወጣል።

ከመሃል የሚገባው ደስ ያለኝ ነገር ነው። ባዘቶ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ስፌቱ በጣም ካልተቀራረበ በአንድ ሁለት እጥበት ይሰበሰብና ጉብ ጉብ ይላል። ያረጀ ጋቢ ይሻላል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። የጠርዙን ስፌት ፈትታችሁ ሁለት ሁለት ድርብ አድርጋችሁ ብትለዩት ከአንድ ጋቢ ቀላል ሙቀት ይወጣል፣ የተረፈው ለሌላ ሥራ ይሆናል። ለደብረ ማርቆስ ብርድ ግን ሳትለዩት አስገቡት።

ገበሩን ከላይኛው በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር አስበልጡ፤ 158 በ188። ገበሩን ወለል ላይ ዘርጉ፣ ጋቢውን ከላዩ፣ ጥልፉን ከሁሉም በላይ። ከመሃል ወደ ዳር እየደለደላችሁ በስፒል ያዙ፤ ከዚያ በሰፊ ጊዜያዊ ስፌት ሦስቱን አንድ ላይ አያይዙ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በኋላ ገበሩ ተጨማዶ ያገኘዋል። አውቃለሁ፣ ዘልዬው ነበር።

አሁን ደርቱ። ጠንካራ የጥጥ ክር፣ ቀጥታ ስፌት፣ ከመሃል ጀምራችሁ። መርፌው ሦስቱንም ማለፍ አለበት፤ በየጊዜው ገልብጣችሁ ገበሩ ላይ መውጣቱን እዩ። መስመሩ በ8 ወይም በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሂድ። ጥልፉን አትውጉት፤ ዙሪያውን ዙሩት። እንዲያውም ሲዞር ጥልፉ ከፍ ብሎ ይወጣል። ጣታችሁን አስቡበት፤ እኔ ያለ ጣት ቆብ ሁለት ምሽት ሠርቼ መርፌው ከጀርባው ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል።

ሲያልቅ ጊዜያዊውን ስፌት አውጡ። ትርፉን ገበር ወደ ፊት አምጡ፤ መጀመሪያ 2 ሴንቲ ሜትር እጠፉ፣ ደግማችሁ 2። ዘምዝሙት። መዘምዘሙን በእጅ ሥሩት፤ ሲንጀር ጠርዙን ያደርቀዋል።

ገበሩ ጥግ ላይ ስም ጥለፉ። እኔ የእምዬን ስም፣ የእኔን ስም፣ ብቸና፣ ባሕር ዳርና ዓመተ ምሕረቱን አኖርኩ። የጎረቤቷን ወፎች የወሰድኩበት ቁራጭ ላይ ደግሞ እምዬ አስገድዳኝ የጎረቤቷን ስም ጨመርኩ። «የሰው እጅ አይሰረቅም» ብላ።

ሲያዝ

ስትተኩሱ ጥልፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ወፍራም ፎጣ ላይ፣ ከጀርባ። ከፊት ከተተኮሰ ጥልፉ ይደፈጠጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ ዘርጋ ተደርጎ ይድረቅ፤ ሲረጥብ ስለሚከብድ በአንድ ገመድ ላይ ብቻ አይሰቀል፣ ስፌቱን ይጎትተዋል።

ለማስቀመጥ ፌስታል ውስጥ አታሽጉት፤ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ይበቃዋል። የእምዬ ቀሚስ ለዓመታት በአንድ እጥፋት ስለቆየ እጥፋቱ በሄደበት መስመር ሁሉ ሐሩ ተሰነጣጥቋል። አሁን ቀሚሱንም ድሪቶውንም አብሬ በየሦስት ወሩ አወጣለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ያለፈውን እጥፋት ትቼ በሌላ መስመር አጥፌ እመልሳቸዋለሁ።